ኪኒኑን አልውጥም

ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ራስ ምታቱ ቀድሟት ተነስቶ ይጠብቃታል። መጀመሪያ ከግራ ቅንድቧ በላይ ነካ ነካ ያደርጋታል፤ ቀጥሎ ግንባሯን ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ ወደ ማጅራቷ ይወርድና እስከ ሥራ ቦታዋ አብሯት ይሄዳል። እሷም እግሯ ወለል ሳይነካ እጇን ወደ ኮመዲኖው ትሰዳለች። ሁለት ፍሬ ኪኒን፣ አንድ ጉንጭ ውሃ። ፊት መታጠብ፣ መስኮት መክፈት፣ ባልን እንዴት አደርክ ማለት፣ ይሄ ሁሉ ከኪኒኑ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ትዕግሥትን ከመንገድ የተማረ ሰው ስለሆነ ኪኒኑ እስኪወርድላት ዝም ብሎ ይጠብቅና ከዚያ ሰላም ይላታል።

ሥራዋ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ወርክሾፕ ውስጥ ጨርቅ መቁረጥ ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ! ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ በላይ በላዩ ይነጠፋል፤ ከላይ የወረቀቱ ቅድ ይቀመጣል፤ ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ቢላዋ ያንን ቁልል ባንድ ጊዜ መሸንሸን ነው። እጅ ትንሽ ከሳተ የሚበላሸው አንድ ሸሚዝ አይደለም፤ ቁልሉ በሙሉ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እሷ ነች። ከክር ለቀማ ተነስታ፣ በስፌት መኪናው ረድፍ አልፋ፣ ጥርሷን ነክሳ የደረሰችበት ቦታ ነው። «ጠረጴዛዬ» ነው የምትለው። ሰው ክርኑን ሲያስደግፍበት እንኳ ዓይኗ ይቀላል።

ቢላዋው ሲነሳ ጩኸቱ አናት ይበጠብጣል። እና ከማስነሳቷ በፊት ሁለት ፍሬ ትውጣለች። ሲያማት እኮ አይደለም፤ እንዳያማት! እዚያ ቤት ይሄ እንደ ብልሃት ነበር የሚቆጠረው። እያንዳንዱ የስፌት መኪና ትንሽ መሳቢያ አለው፤ መሳቢያው ውስጥ መርፌ፣ መለኪያ ሜትር እና ማስታገሻ አይጠፋም። «አንድ ወርውሪልኝ» ከተባለ ኪኒን ነው፤ ማስቲካ የሚመስለው እንግዳ ሰው ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚበዛው ግን በቆራጯ ጋዋን ኪስ ውስጥ ስለሆነ ስሟን ትተው «ፋርማሲ» ይሏታል።

«ፋርማሲ፣ ክፍት ነሽ?»

«ለአንቺ መቼ ዘግቼ አውቃለሁ!» ትልና ኪሷን ትበረብራለች። ትስቃለች። ትኮራበትም ነበር፤ ምን ይደረግ።

የሚገርመው፣ ኪኒኑ በበዛ ቁጥር ራስ ምታቱም አብሮ እየበዛ መጣ። ድሮ አልፎ አልፎ ብቅ ይል የነበረው አሁን ቤተኛ ሆኗል። እሷ ግን ነገሩን ከጩኸቱ፣ ከጨርቁ ብናኝ፣ ከዕድሜ፣ ከዕድል፣ ከሁሉም ጋር ስታያይዘው ከኪኒኑ ጋር አላያያዘችውም። መድኃኒት እኮ ነው! መድኃኒትን ማን ይጠረጥራል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልሉን እየከፈለች ሳለ የጠዋቱ ኪኒን ኃይሉ አለቀና ሕመሙ ከተፍ አለ። የጠመኔው መስመር ሁለት ሆኖ ታያት። የትኛው ነው እውነተኛው? ቢላዋው እጇ ላይ እየጮኸ ነው። ደግነቱ ጣቷ ከሐሳቧ ቀድማ ማጥፊያውን ተጫነችው። ስለቱ እጇ አጠገብ የቱን ያህል እንደደረሰ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ላብ አጠመቃት። ሌላ ፍሬ ዋጥ አድርጋ ሥራውን ጨረሰች፤ በማግስቱ ግን ጨርቄን ማቄን ሳትል ወደ ክሊኒክ ሄደች። የሄደችው ደግሞ ልታቆም አይደለም። ጠንከር ያለ ልታስጽፍ ነው።

«ዶክተር፣ ይሄኛው ለመደኝ መሰለኝ። ከእሱ በላይ ያለውን ይጻፉልኝ።»

ሐኪሟ በዕድሜ ከእሷ የምታንስ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። የደም ግፊቷን ለካች፣ ዓይኗን በመብራት አየች፣ ክንዷን አስገፋቻት፣ በቀጥታ መስመር ላይ አስኬደቻት። ከዚያ ቁጭ ብላ፣ «ከሳምንት ስንት ቀን ይወስዳሉ?» አለቻት።

«ስንት ቀን አይወስዱም ቢሉኝ ይቀላል።»

«እሺ፣ ስንት ቀን አይወስዱም?»

ቆራጯ አሰበች፣ አሰበች፣ አንድም ቀን ጠፋት። መጀመሪያ ልትስቅ ነበር። ሳቁ ግን አልመጣም።

«አሁን ራስ ምታቱን የሚያመጣብዎት ኪኒኑ ነው» አለች ሐኪሟ።

«ይቀልዳሉ እንዴ ዶክተር?»

«አልቀልድም። ራስዎ ለምዶታል። ከሰውነትዎ ሲወጣ ይጮሃል፤ ሲጮህ እርስዎ ይሰጡታል፤ ዝም ይላል። ነገ ደግሞ ቀደም ብሎ ይጮሃል።»

«እንደ ቀበጠ ልጅ ማለት ነው?»

«ልክ እንደሱ።»

«እና ምን ላድርገው?»

«አይስጡት።»

ለመስማት እንዴት ይቀላል! ሐኪሟ ግን አልሸነገለቻትም። እሷ የምትወስደውን ዓይነት ባንዴ ማቆም እንደሚቻል፣ ግን መጀመሪያ ከእስከዛሬው ሁሉ እንደሚብስባት፣ ማቅለሽለሽ እንደሚኖር፣ እንቅልፍ እንደሚርቃት፣ ከዚያ በኋላ ግን ቀስ እያለ እንደሚለቃት ነገረቻት። ለማቅለሽለሹ የሚሆን ጻፈችላት። ትኩሳት ከመጣ፣ ክንድ ወይም አንደበት ከተያዘ፣ በድንገት ሆኖባት የማታውቀው ዓይነት ከባድ ሕመም ከመጣ በሩጫ እንድትመጣ አስጠነቀቀቻት። በመጨረሻ ደግሞ፣ «ዳግመኛ ራስዎን አያምዎትም እያልኩ አይደለም» አለቻት። «ሰው ነዎት፣ አንዳንድ ቀን ያምዎታል። ካገገሙ በኋላ የባሰ ቀን አንድ ጊዜ ቢወስዱ ችግር የለውም። በሳምንት ከሁለት ቀን ግን አይለፍ።»

ከክሊኒኩ ስትወጣ ቆሽቷ አርሮ ነበር። በሐኪሟ አልነበረም የተናደደችው። ስንት ዘመን ሙሉ መድኃኒቴ ስትላት የኖረችው ያቺ ነጭ ሚጢጢ ነገር ስታክማት ሳይሆን ስታዛት እንደኖረች ሲገባት ነው ደሟ የፈላው። ማን ነው ጠዋት የሚቀሰቅሳት? ኪኒን። ማን ነው ምሳ ሳትበላ የሚያስሮጣት? ኪኒን። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆማ ሳለ፣ «አሻፈረኝ!» አለች ጮክ ብላ። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ቦርሳውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ራመድ አለ።

በማግስቱ ወርክሾፕ እንደገባች ኪሷን ቆሻሻ መጣያው ላይ አራገፈችና፣ «ስሙኝማ! ፋርማሲው ተዘግቷል!» አለች። ቤቱ በሳቅ አውካካ። ያልሳቁት እትዬ ብቻ ናቸው። እትዬ የወርክሾፑ ባለቤት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ራሳቸው መኪና ላይ ተቀምጠው የሰፉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚዞሩ፣ ቢያለቅሱላቸው መሐረብ የሚያቀብሉ ግን ሰዓት የማይጨምሩ ሴት።

«ምነው ጊዜ አጥተሽ ነው?» አሏት ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው። «ትልቁ የትምህርት ቤት ትዕዛዝ ሊገባ ነው።»

«መቼም የማይገባ ትዕዛዝ የለም፣ እትዬ። ይሄን ካየሁማ እስክሞት ስውጥ ልኖር ነው?»

«እኔ ስለ ራስሽ አላውቅም። የማውቀው ስለ ጠረጴዛው ነው። ጠረጴዛው ያለ ሰው አይቆምም። አንቺ ካቃተሽ ሌላ አቆማለሁ፤ ያቆምኩትን ደግሞ እንዲሁ አላነሳም። ሰምተሻል?»

ሰምታለች። ኮሌታ ሰፊውም ሰምቷል፤ ከረድፉ መጨረሻ ሆኖ ጆሮውን አቁሞ ነበር። ከመጣ ጀምሮ ያንን ቢላዋ በዓይኑ ሲበላው የኖረ ሰው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታንሱብኝ። ብርሃን ጠላቷ ሆነ። ማንኪያ ሲወድቅ ጭንቅላቷ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ሥራ ቦታ ደግነቱ ጨርቁ ገና ስላልገባ ቅድ ስታስተካክል ዋለች፤ ቤት ስትገባ ግን ሰው መሆኗን ትረሳለች። ባሏ እቤት ውስጥ የነበረውን ኪኒን ሁሉ ለቃቅሞ ወስዶላታል። እሷው ናት ውሰድልኝ ያለችው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ያ ሁሉ ጀግንነት የት እንደገባ አይታወቅም፣ ብድግ ብላ ቤቱን ትገለብጠው ገባች። የስኳር ቆርቆሮ፣ የባሏ የጢም መላጫ ቦርሳ፣ የፍራሹ ሥር። በመጨረሻ የአሮጌ ካፖርቷ ገበር በተቀደደበት በኩል ጣቷን ሰደደችና አገኘች። አንዲት ፍሬ። ጠርዟ የተሸረፈ፣ ብናኝ የለበሰች።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ኖሯል።

«የኔ ዓለም» አላት፣ «አንዷን ብትወስጂ ምን ይላል? ሐኪሟ አታይሽ።»

እውነቱን ለመናገር፣ ልትውጣት ነበር። አፏ ድረስ አድርሳት ነበር። የባሏ ድምፅ ግን አንጀት የሚበላ ዓይነት ነበረና እሳት ለበሰች።

«አንተ የማን ወገን ነህ?»

«ያንቺ ነኛ!»

«የኔ ወገን ከሆንክ አትዘንልኝ! ቁጣ ካለህ ተቆጣኝ፣ ከሌለህ ዞር በልልኝ!»

መቆጣት አያውቅበትም፤ ዞር አለላት። እሷም ወደ መጸዳጃ ቤት ሄዳ ያቺን ፍሬ በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ይዛ ሰደበቻት። «አንቺ ሚጢጢ! ይቺን ለማታክይ ነው እንዴ የተንበረከክሁት? ይብስብኝ! ይፈንዳ! አልውጥሽም!» ለቀቀቻትና ውሃውን ደፋችባት። ወዲያው ተከትላ አስመለሰች፤ ድል ማለት እንዲህ ሆኖ መጣላት እንግዲህ። ባሏ ፎጣ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ግንባሯ ላይ አደረገላት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተሻለ የመሰለው። ቁልፍ ሰፊዋ፣ ከክር ለቀማ ዘመን ጀምሮ ያልተለየቻት የልብ ጓደኛዋ፣ ጠዋት ጠዋት ሻይ ታቀርብላት ጀመር። ሻዩ ሻይ አይደለም፤ ስኳር ነው።

«ምነው፣ ሻዩን ረሳሽው እንዴ?»

«ጠጪ ዝም ብለሽ! ጉልበት ይሆንሻል።»

ጠጣች። ረፋድ ላይ ግንባሯ ለቀቃት። በማግስቱም እንዲሁ። ወይ ደስታ! ጎድጉዶ የነበረ ጉንጯ መለስ አለ፣ ከረድፉ ጋር መቀለድ ጀመረች፣ ለአንድ ትንሽ ትዕዛዝ ቢላዋውን አንስታ ቀጥ ያለ መስመር ሸነሸነች። «አሸነፍኩት!» አለችው ባሏን አፏን ሞልታ። እሁድ ቤት ስትውል ራስ ምታቱ እንደ ድሮው መጥቶ ሲያንገላታት፣ «ሥራ ስፈታ ነው» አለች፤ ሰኞ ከሻዩ በኋላ ሲተዋት፣ «አየህ! ሥራ ነው መድኃኒቴ» አለች። ሰው ደስ ሲለው እንዴት ይሞኛል!

ከዚያ አንድ ጠዋት ጠመኔ አልቆባት ወደ ጓዳው ጎራ አለች። ቁልፍ ሰፊዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ብርጭቆው ፊቷ ነው። በመቀስ እጀታ ማንኪያ ላይ የሆነ ነገር ትደቁሳለች፤ ነጭ ዱቄት። ወደ ሻዩ ጨመረችው፣ ስኳር ደፋችበት፣ አማሰለችው።

ቆራጯ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ያ ሁሉ «አሸነፍኩት»፣ ያ ሁሉ ፉከራ!

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ቁልፍ ሰፊዋ ደንግጣ ማንኪያውን ጣለችው። ከዚያ ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «እና ምን ላድርግ? ስትቃጠይ ቆሜ ልይሽ? ለአንቺ ብዬ ነው!» አለች።

«ለኔ ብለሽ?»

«ጠረጴዛው እንዳይወሰድብሽ ብዬ ነው! ያ ኮሌታ ሰፊ እንዴት እንደሚያይሽ አታይም? አንድ ፍሬ ነው፣ አንድ ብቻ፣ ግማሹም ማንኪያው ላይ ይቀራል...»

«ሕመሜን ሰረቅሽኝ!» ጩኸቷን የስፌት መኪናዎቹ ባይሸፍኑት ኖሮ ቤቱ በሙሉ ይሰማው ነበር። «ያን ሁሉ ያየሁት፣ ያን ሁሉ ያስመለስኩት፣ ያለቀልኝን መንገድ ከመጀመሪያው አስጀመርሽኝ! ጠላቴ እንዲህ አያደርገኝም!»

ቁልፍ ሰፊዋ ማልቀስ ጀመረች። ቆራጯም አለቀሰች፣ ከንዴት የተነሳ። ሁለት ትልልቅ ሴቶች ጓዳ ውስጥ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ መካከላቸው። ቆይቶ ቁልፍ ሰፊዋ በጋዋኗ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «እሺ በድያለሁ። አሁን ምን ልሁንልሽ?» አለች።

«ጠብቂኝ። ከሰው ሁሉ፣ ከራስሽም ጭምር። ለምኜሽ እንኳ እንዳትሰጪኝ። ብሰድብሽም!»

«ስድብሽንማ ለምጄዋለሁ» አለች ቁልፍ ሰፊዋ። ሳቁ አምልጧቸው መጣ። ሻዩን ግን ቆራጯ ራሷ ደፋችው።

ደግማ ጀመረች። ክፋቱ ያን ቀን ነበር የትምህርት ቤቱ ጨርቅ የገባው፤ ጥቅሉ ከመኪና እየወረደ እስከ በሩ ተደረደረ። በነጋታው ጨርቁ ሲነጠፍ የቆራጯ ራስ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ጠመኔውን ይዛ ጎንበስ ስትል መስመሩ ዋኘባት። ቀና አለች። እትዬ አጠገቧ ቆመዋል፤ መዳፋቸው ላይ ሁለት ፍሬ ኪኒን አለ።

«ዋጥ አድርጊና ቁረጪ» አሉ። ክፋት አልነበረበትም አነጋገራቸው። «ሲያልቅ ታቆሚዋለሽ።»

«አልውጥም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ሳትውጪ ቁረጪ።»

«በዚህ ራስ ቢላዋ አልይዝም። ጣቴም ነው፣ ጨርቅዎም ነው።»

«ሁለቱንም እምቢ?»

«ሁለቱንም እምቢ!»

እትዬ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ ነገር ሲቆርጡ የሚያደርጉት ነው። «እንግዲያስ አስረክቢ» አሉ። ቆራጯ ከቢላዋው ስለት የሚጠብቃትን የብረት ጓንቷን አወለቀች። ኮሌታ ሰፊው ጓንቱን ሲቀበል ሊያጽናናት አፉን ከፈተ። «ዝም በል» አለችው፣ «መስመሩን ብቻ እይ።»

ክር ለቀማ ተመለሰች። እዚያው የጀመረችበት በርጩማ ላይ፣ ያለቀ ሸሚዝ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትርፍ ክር መቁረጥ። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ ጆሮዋ ላይ ጥጥ ወትፋለች። የሚያልፈው ሁሉ ከንፈር ይመጣል። «ምነው አንዷን ብትወስድ»፣ «እልህ ነው የያዛት»፣ «ጠረጴዛ የሚያህል ነገር!» ቁልፍ ሰፊዋ ጎኗ ተቀምጣ ወታደር ሆነች። ኪኒን ይዞ የሚጠጋውን፣ «አፍንጫህን ላስ! ወደ መኪናህ!» እያለች ታባርራለች። አንዴ ቆራጯ ራሷ ሕመሙ ሲጠናባት እጇን ወደ ጓደኛዋ ኪስ ብትሰድ፣ መዳፏን በሜትር ገረፍ አደረገቻት። ሰደበቻት፤ ተሰደበችላት።

የለቀቃት ቀን ምንም የተለየ ቀን አልነበረም። ጠዋት ነቃች፣ እጇ እንደ ልማዱ ወደ ኮመዲኖው ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ። ምን ፍለጋ ነው የሄደው? ግንባሯን ዳሰሰች። ማጅራቷን ዳሰሰች። ትራሷን አነሳች፣ ከሥሩ የተደበቀ ይመስል። ባሏ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

«እንዴት አደርክ?» አለችው።

ሰውዬው ክሩን እንደያዘ ቀረ። ያንን ቃል ጠዋት ቀድማ ስትለው ስንት ጊዜው! «ደህና» አለ፣ ከዚያ ሌላኛውን ጫማ በተሳሳተው እግሩ ሊያጠልቅ ታገለ።

ያን ጠዋት ቀጥ ብላ እትዬ ዘንድ ሄደች። «ጠረጴዛዬን» አለቻቸው።

«ኮሌታ ሰፊው አልከፋም» አሉ እትዬ።

«አልከፋም። እኔ ግን እበልጠዋለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ።»

ያውቃሉ። ግን እንዲህ በዋዛ የሚሰጡ ሴት አይደሉም። «ዳግመኛ ቢያምሽስ?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ አያመኝም ማለት። ምላሷ ጫፍ ላይም መጣ። «ያመኛል» አለች። «አልፎ አልፎ እንደ ማንኛውም ሰው ያመኛል። አልዋሽዎትም።»

እትዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ነገ ትቆርጫለሽ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እዚሁ ቆሜ አያለሁ። ጠረጴዛው ቢቆም ግን ነገሩ አበቃ።»

ሌሊቱን ሙሉ ደህና ተኛች፤ ጠዋት ግን ጭንቀቱ ሆዷን ዘግቶት ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች። ይሄን የመሰለ ሞኝነት! ቁልሉን አጋመሰች፤ እጇ እንደ ድሮው ነው፣ እንዲያውም ከድሮው ይሻላል። ልክ የእጅጌው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ከግራ ቅንድቧ በላይ ነካ አደረጋት።

አውቀዋለሁ ይሄን! መጣ፣ ተመለሰ፣ አልተላቀቀኝም! ቤቱ ዞረባት። እትዬ ከክንድ በማይርቅ ቦታ ቆመዋል። ኮሌታ ሰፊው አንገቱን አስግጓል። ድሮ ቢሆን ፊቷን አዙራ ዋጥ ታደርግና ማንም ሳያውቅ ትቀጥል ነበር። አሁንም ዝም ብላ ብትቀጥል፣ መስመሩ እስኪዋኝ ድረስ ብትደብቀው?

ማጥፊያውን ተጫነች። የቢላዋው ጩኸት ሲቆም ቤቱ ሁሉ ቀና አለ።

«ራሴን አመመኝ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ።

«ይኸው!» እትዬ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ኪኒኑን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡት። «ብልሽ ብልሽ...»

ቆራጯ አየችው። ሐኪሟ አንዳንድ ቀን ይቻላል ብላታለች፤ ብትወስደው ማንም በዳይ አይላትም። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቆም ብላ ራሷን ጠየቀች፦ ይሄ ሕመም ምን ያህል ነው? ከየት መጣ? ያ አሮጌው ጌታዋ ነው? ሆዷ ጮኸ። አይደለም። ያልበላ ሰው ራስ ምታት ነው፤ ልጆችን የሚያማቸው፣ ባሏን የሚያመው፣ ማንንም የሚያመው።

«የምወስድበትን ቀን እኔ አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች። «ዛሬ አይደለም። ያንሱልኝ፣ ጨርቁ ላይ እንዳይፈረፈር።»

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ቁልፍ ሰፊዋ ዳቦና ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች፤ ውሃውን ቆራጯ አሽትታ ነው የጠጣችው፣ ጓደኛዋም ተቀየመች። ዳቦውን ቀስ ብላ በላች። ዓይኗን ጨፈነች። ቤቱ በሙሉ እሷ ስትበላ ቆሞ ያያል፤ እትዬ የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። ኮሌታ ሰፊው አንድ ርምጃ ወደ ቢላዋው ተጠጋ።

«እጅህን» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

እጁን ሰበሰበ።

ሕመሙ አልጠፋም። ለዘብ አለ እንጂ። ፈራችው? ተጠባበቀች፣ ፍርሃቱ ይመጣል ብላ። አልመጣም። ተነሳች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ጎንበስ ብላ መስመሩን አየችው። አንድ ነው፤ ጥርት ያለ። ቢላዋውን አስነሳች። የእጅጌውን መታጠፊያ ዞረችው፣ ብብቱን አለፈችው፣ እስከ ቁልሉ መጨረሻ ድረስ ሳታቆም ሄደች።

እትዬ መጥተው የላይኛውን ቁራጭ ከታችኛው ጋር ገጠሙት። በጣታቸው ጠርዙን ሄዱበት። አንዴ ደገሙት፣ አንድ እንከን ቢያገኙ ደስ የሚላቸው ይመስል ነበር። አላገኙም። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ።

«አሁንም ያምሻል?»

«ትንሽ።»

«እና?»

«እና ምን? ይመመኝ! ቀጣዩን ጨርቅ አስነጥፉልኝ።»